«በላሽ ወይ?» ብለው ይጠይቋት
የአድማጮች ጥያቄና መልስ

የዛሬውን ጥያቄዎች የሚመልሱልን በሕክምና ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ ሐኪም ናቸው።

ከኩታበር፣ አንዲት እናት፦ ልጄ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናውን አልፋለች። ሐኪም ካልሆንኩ ትላለች። የሚያልፈው ተማሪ ግን በየዓመቱ እየበዛ ነው አሉኝ። እንቅልፍ አጣሁ፤ ምን ላድርግላት?

መልስ፦ እናቴ፣ አስቀድሜ እንኳን ደስ ያለዎት። የሰሙት ከሞላ ጎደል እውነት ነው። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆኑ። ቁጥሩ የማኅበራዊ ሳይንሱን ተማሪም ይጨምራል፤ እሱ ወደ ሕክምና አይመጣም። ቢሆንም ወረፋው ረዝሟል፣ አልዋሽዎትም።

ወረፋው የት እንደሆነ ግን ብዙ ወላጅ አላወቀም። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ አንደኛ ዓመትን የጋራ ትምህርት ሲማር ይቆይና ነው የትምህርት ክፍል የሚደለደለው። ያኔ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቱ ብቻ ሳይሆን የአንደኛ ዓመት ነጥቡም ይታያል፤ የመግቢያ ፈተና የሚጨምሩም አሉ። ስለዚህ ልጅዎ የሕክምናውን ፈተና ገና አልጀመረችም። የምትጀምረው ዶርም በገባችበት ሳምንት ነው።

አንድ ተማሪ ቢሮዬ መጥቶ ነበር። የኬሚስትሪ ደብተሩ በሦስት ቀለም የተጻፈ፣ የሚያስቀና ደብተር ነው። የሎጂኩ፣ ማለትም የአመክንዮ ትምህርቱ ሞጁል ግን ከፎቶ ኮፒ ቤት እንደወጣ ነው፤ አንድም ገጽ አልታጠፈም። በባዮሎጂና በኬሚስትሪ «ኤ» አምጥቶ በሎጂክ «ሲ» አገኘ። «ዶክተር፣ እሱ እኮ የሕክምና ትምህርት አይደለም» አለኝ። ወረቀት አውጥተን አሰላነው። ክሬዲት የትምህርቱ ክብደት መለኪያ ነው፤ ሎጂክም ሦስት ክሬዲት ነው፣ ባዮሎጂም ሦስት ክሬዲት ነው። «ኤ» አራት፣ «ሲ» ሁለት ነጥብ ስለሆነ በሦስት ክሬዲት ትምህርት ከ«ኤ» ወደ «ሲ» መውረድ ስድስት ነጥብ ያስቀራል። የዓመቱ ትምህርት ሠላሳ ክሬዲት ቢሆን፣ ሌላው ሁሉ «ኤ» ሆኖ እንኳ ከ4.0 ወደ 3.8 ይወርዳል። ጠንካራ ልጆች በተሰበሰቡበት ቦታ በዚህ ክፍተት መሀል የሚቆመው ሰው ብዙ ነው። ልጁ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ዝም አለ። ከሎጂክ ሌላ የኢትዮጵያ ጂኦግራፊና ሳይኮሎጂም ሲናቁ አያለሁ፤ ነጥቡ ግን አይንቃቸውም።

እርስዎ ምን ያድርጉ? በየእሑዱ ደውለው «ስንት አመጣሽ?» አይበሏት። «በላሽ ወይ? ተኛሽ ወይ?» ይበሏት። የድልድሉን መስፈርት ግን የመጀመሪያውን ሴሚስተር ሳትጨርስ ከሬጅስትራር፣ ከዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች መዝገብ ቢሮ ጠይቃ ትወቅ። ከጓደኛ የተሰማ መስፈርት ብዙ ልጅ አሳስቷል። በተረፈ አብሽሩ።

ከኮምቦልቻ፣ አንድ አባት፦ ልጄ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ባይደርሰው በግል ላስተምረው ብዬ ቦታዬን ልሸጥ አስቤአለሁ።

መልስ፦ አባቴ፣ ቦታውን ለጊዜው ይተዉት። መጀመሪያ ኮሌጁ ለሕክምና ፈቃድ እንዳለው ይጠይቁ። ፈቃድ የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው፤ የሚሰጠውም ለኮሌጁ ስም ሳይሆን ለየትምህርቱና ለየካምፓሱ ነው። ለነርሲንግ የተፈቀደለት ሁሉ ለሕክምና ተፈቅዶለታል ማለት አይደለም። ቀጥሎ «ተማሪው የሚለማመደው በየትኛው ሆስፒታል ነው?» ይበሉ። መልሱ ከተድበሰበሰ ይውጡ። ትምህርቱ እስከ ኢንተርንሺፕ (የመጨረሻው የሆስፒታል ልምምድ) ማብቂያ ረጅም ዓመታት ስለሚወስድ የአንድ ዓመት ክፍያ አይተው አይወስኑ። ጤና መኮንን፣ ሰመመን ሰጪ ወይም ፋርማሲስት መሆንን እንደ ውድቀት አይቁጠሩት። ማታ ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ሰመመን ሰጪው ከሌለ እኔ ቢላዋ ይዤ የቆምኩ ሰው ነኝ።

ከሐይቅ፣ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ፦ ሐኪሞች ተመርቀው ሥራ አጥተው ተቀምጠዋል ይባላል። ታዲያ ለምን እንሻማለን?

መልስ፦ ጎበዝ፣ ይህን ጥያቄ ትልልቆቹም አይጠይቁትም። ከዓመታት በፊት የተመረቀ ሐኪም ዕጣ አውጥቶ ወደ ተመደበበት ይሄድ ነበር። ከዚያ የሕክምና ትምህርት ቤቶች በዙ፤ የቅጥር መደቡና በጀቱ ግን በዚያው ልክ አልበዛም። በሽተኛ ጠፍቶ አይደለም፤ ደመወዝ የተያዘለት ወንበር ነው የጠፋው። ደመወዙም ቢሆን ሲያከራክር የኖረ ነው። ስለዚህ ለገንዘብ ብለህ ከሆነ ሌላ መንገድ ፈልግ፤ ይህን የምለው ሙያዬን ጠልቼ አይደለም።

ለሌላ ምክንያት ከሆነ ግን አንድ ሰኞ ደሴ ውጣ። የገበያ ቀን ነው፣ የሆስፒታሉ ተመላላሽ ክፍል ከገጠር በመጣ ሰው ይሞላል። ካርድ ክፍሉ አጠገብ አግዳሚ ላይ ተቀመጥና ሰዉን እይ፤ ጫማውን፣ በእጁ የያዘውን የራጅ ፖስታ፣ ስሙ እስኪጠራ የሚጠብቀውን ሰዓት። እስከ ስድስት ሰዓት ተቀመጥ። ከዚያ ደውልልኝ።