መልቀቂያው ከመጻፉ በፊት

ትዕግስት፦ እንደምን ሰነበታችሁ፣ ከሐዋሳ ነን። ዛሬ ሥራ አዝሎት ለወራት ማረፍ ስላለበት ሰው እናወራለን፤ በርንአውት ስለሚባለው።

ዳንኤል፦ አንድ ነገር ልለምናችሁ፤ መልቀቂያ ገና አትጻፉ። ሰው በጣም በከፋው ቀን ይጽፍና የሕመም ፈቃዱን ጥሎ ይወጣል።

ትዕግስት፦ ስንት ነው እሱ?

ዳንኤል፦ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር ድረስ አለው። አንደኛው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ሁለቱ በግማሽ፣ ሦስቱ ያለ ክፍያ። ደመወዙ 20,000 ብር ከሆነ ግብር ሳይነሳ 40,000 ማለት ነው። የመንግሥት ሠራተኛ የሚተዳደረው በሌላ አዋጅ ነው።

ትዕግስት፦ ሐኪሙ «በርንአውት» ብሎ ቢጽፍ ይበቃል?

ዳንኤል፦ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ11ኛው የበሽታዎች ምደባው ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎታል እንጂ በሽታ አላለውም። ስለዚህ «ሥራ አስጠላኝ» ብቻ ብላችሁ አትመለሱ። ስንት ሰዓት እንደተኛችሁ፣ ሌሊት ስንቴ እንደነቃችሁ፣ ምግብ እንዴት እንደሆነ ለሁለት ሳምንት ጻፉና ይዛችሁ ሂዱ። ድብርት ወይም ጭንቀት ካለ ሐኪሙ ከዚያ ይለየዋል።

ትዕግስት፦ የደም ምርመራም ጠይቁ። ደም ማነስና ታይሮይድ ልክ እንደዚሁ ያደክማሉ፤ ደም ያነሰው ሰው ግማሽ ዓመት ቢተኛም አይሻለውም። ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ ግን ሁለት ሳምንት አይጠብቅ፣ ዛሬውኑ ይሂድ።

ዳንኤል፦ መልቀቅ ግድ ከሆነም የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ስጡ፤ ያልወሰዳችሁት የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ይታሰብላችኋል።

ትዕግስት፦ ወጪውስ?

ዳንኤል፦ ሦስት ወር ለማረፍ የሦስት ወር ወጪ ብቻ መያዝ ትልቁ ስህተት ነው። ሥራ መፈለጊያው ይረሳል። በወር 15,000 የሚያወጣ ሰው ሌላ ሦስት ወር ጨምሮ 90,000 ይያዝ፤ አለዚያ የመጨረሻው ወር በጭንቀት ያልቅና ያገኘው ሥራ ላይ ይወድቃል። ዕቁብ በልታችሁ ከሆነ ቀሪውን ክፍያ ደምሩበት። ዕድሩን አታቋርጡ።

ትዕግስት፦ መጀመሪያ ላይ እንቅልፍ ብቻ ቢሆን አትደንግጡ። ከዚያ መነሻ ሰዓት ይኑራችሁ፤ ፀሐይዋ ሳትከር፣ 12፡30 ላይ፣ በፍቅር ሐይቅ ዳር ግማሽ ሰዓት መራመድ ይበቃል። የመሥሪያ ቤቱን የቴሌግራም ግሩፕ ድምፁን ማጥፋት አይረዳም፤ ያልተነበበው ቁጥር ይታያችኋል፣ ትከፍቱታላችሁ። ውጡ። ርክክብ ለቀረው ጉዳይ ከአንድ ሰው ጋር ብቻ፣ በሳምንት አንድ ሰዓት ተነጋገሩ።

ዳንኤል፦ ቤተሰብም «ሥራ የለህም አይደል» እያለ መናኸሪያ ሲልክህ፣ ባንክ ሲያሰልፍህ ይውላል። የቤት ጉዳይ ማክሰኞና ዓርብ ብቻ ብሎ አስቀድሞ መናገር ነው፤ ለቅሶ ሲሆን ሌላ ነገር።

ትዕግስት፦ መመለሻውስ በምን ይታወቃል?

ዳንኤል፦ ከሥራችሁ ጋር የሚመሳሰል ነገር፣ ሪፖርት ማንበብ ወይም ሒሳብ ማመሳከር ሊሆን ይችላል፣ ሁለት ሰዓት ሥሩ። ሦስት ቀን በተከታታይ። በማግስቱ ከአልጋ መነሳት ካቃታችሁ ገና ነው፤ ሁለት ሳምንት ቆይታችሁ ድገሙት።