ድልድዩን የተሻገረው መኮንን

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፥

ዛሬ የማነሣላችሁ ሰው ሃንጋሪያዊው ጄኔራል ኢሽትቫን ቱር ነው። የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

ቱር በ1825 በደቡብ ሃንጋሪ፥ ባያ በምትባል ከተማ ተወለደ። አገሩ ትገዛት በነበረችው በኦስትሪያ፥ በቪየና ቤተ መንግሥት ላይ ባመፀችበት ወቅት እሱ ሰሜን ኢጣሊያ በሰፈረው የኦስትሪያ ጦር ውስጥ ወጣት መኮንን ነበር። ወገኖቹን የሚወጋውን ሠራዊት ልብስ ለብሶ መኖር አላስችል ስላለው፥ በጥር 1849 በቦፋሎራ ድልድይ የቲቺኖን ወንዝ ተሻግሮ የኦስትሪያ ባላንጣ ወደ ነበረው የሰሜን ምዕራብ ኢጣሊያ መንግሥት፥ ወደ ፒዬሞንቴ ገባ፤ እንደ እሱ የከዱ ሃንጋሪያውያንንም አሰባስቦ ሌጌዎን የተባለ አንድ የጦር ክፍል አቋቋመ። ኦስትሪያ ይህን አልረሳችለትም። በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ እንግሊዞችን ሲያገለግል በ1855 ቡካሬስት ላይ አስይዛ ሞት ፈረደችበት፤ ከገመድ ያስጣለው የንግሥት ቪክቶሪያ አማላጅነት ነው።

ስለ ቱር ጀግንነት ሲወራ የጦር ሜዳው ይቀድማል። እኔ ግን የማደንቀው ኦርቤቴሎ ላይ የሠራውን ነው። ኢጣሊያን አንድ ለማድረግ የታገለው የጦር መሪ ጋሪባልዲ በግንቦት 1860 አንድ ሺህ ያህል በጎ ፈቃደኞችን በሁለት መርከቦች አሳፍሮ ወደ ሲሲሊ ሲነሣ፥ ጥይት የጫኑት ጀልባዎች በሌሊት ሳያገኟቸው ስለቀሩ፥ ዘማቾቹ ጥይት አልባ ጠመንጃ ታቅፈው ባሕር ላይ ነበሩ። በኢጣሊያ የባሕር ዳርቻ ወዳለችው ታላሞኔ ሲደርሱ ቱር በአቅራቢያው ወዳለው የኦርቤቴሎ ምሽግ ተላከ። የምሽጉ አዛዥ የፒዬሞንቴ ንጉሥ መኮንን በመሆኑ ያለ ትእዛዝ አንዲት ጥይት እንኳ የመስጠት ሥልጣን አልነበረውም፤ ቱር ግን በአንደበቱ ብቻ አሳምኖት ጥይቱን አስጭኖ ተመለሰ። አዛዡ በዚህ ምክንያት በኋላ ለፍርድ ቀረበ። ጋሪባልዲ በሲሲሊ ማርሳላ ላይ የወረደው ባዶ እጁን ባለመሆኑ፥ ለዚያ ስሙ እምብዛም ለማይነሣ አዛዥም ውለታ አለበት።

ለሃንጋሪ የራሷን መንግሥት ከሰጠው ከ1867ቱ የኦስትሪያና የሃንጋሪ ስምምነት በኋላ ቱር ወደ አገሩ ገባ። ከዚያ ወዲያ ልቡ በቦይ ሥራ ላይ ነበር። የግሪኩን የቆሮንቶስ ቦይ በ1882 ያስጀመረው የእሱ ኩባንያ ሲሆን፥ ኩባንያው ከስሮ ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው ቦይ በሌሎች እጅ በ1893 ተጠናቀቀ።

እኛን የሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። ጋሪባልዲን ተከትለው ከዘመቱት ከእነዚያ አንድ ሺህ ያህል ሰዎች አንዱ ፍራንቼስኮ ክሪስፒ ነበር፤ ኢትዮጵያን ሊያስገብር ጦር የላከውና በ1896 በአድዋ ሽንፈት ከጠቅላይ ሚኒስትርነቱ የወረደው ያው ሰው ነው። በዚያው ዓመት የ71 ዓመቱ ቱር ቡዳፔስት ላይ የዓለም አቀፉን የሰላም ጉባኤ በሊቀ መንበርነት ይመራ ነበር።