ኮራሎቻችንን በረሃብ አንግደላቸው

ክቡር ሰብሳቢ፣ የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣

እንኳን ለዓመታዊው የኮራል መለዋወጫ ቀናችን በሰላም አደረሳችሁ። አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ «የውኃ ጥራት አጠባበቅ» የሚል ነው። ስለ ጨው መጠን፣ ስለ ሙቀት፣ ስለ ካልሲየም እንድናገር ይጠበቃል፤ እናገራለሁም። እዚህ መድረክ ላይ ያወጣኝ ግን አንድ የሚያንገበግበኝ ነገር ነው። ከመካከላችን ብዙ ሰው በቤቱ የመስታወት ገንዳ ውስጥ የሚያሳድጋቸውን ኮራሎች እየገደለ ያለው በቆሻሻ ሳይሆን በረሃብ ነው። የሚገድላቸውም ቸል ብሎ አይደለም፤ ናይትሬትም ፎስፌትም፣ ማለትም በውኃው ውስጥ ያሉት የናይትሮጂንና የፎስፈረስ ምግቦች፣ ዜሮ መሆን አለባቸው ተብሎ ስለተነገረውና ምክሩን አክብሮ ስለተከተለ ነው።

ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። እምቦጭ በጣና ሐይቅ ላይ ያደረሰውን ያላየ ወይም ያልሰማ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የለም። ከእርሻና ከከተማ እየታጠበ የሚገባው ናይትሮጂንና ፎስፈረስ ያን አረም ያደልበዋል። ከእስራኤል የመጣችሁ ደግሞ በቀይ ባሕር ዳር የነበሩትን የኤይላት የዓሣ ማርቢያ መረቦች ታስታውሱ ይሆናል፤ ከመረቦቹ የሚወጣው የምግብ ትራፊና ኩስ ኮራሉን ይጎዳል ተብሎ፣ ከብዙ ክርክር በኋላ እ.ኤ.አ. በ2008 ከባሕሩ ተነሥተዋል። ትርፍ ምግብ ውኃን ያበላሻል፤ ይህን የሚክድ የለም። ፎስፌቱ በሊትር ግማሽ ሚሊግራም ባለፈ ገንዳ ውስጥ አልጌ ድንጋዩን ሲያለብሰው፣ አክሮፖራ የሚባለው ቅርንጫፋማ ኮራልም ቀለሙ ወደ ቡናማ ሲዞር ሁላችንም አይተናል። ነገር ግን ከመብዛት መጠንቀቅና ወደ ባዶነት መሮጥ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

የአንድ ወንድማችንን ታሪክ ልንገራችሁ። እዚሁ ከእኛ ጋር ተቀምጧል፤ እንድናገርም ፈቅዶልኛል። ገንዳውን ሲያቋቁም ምንም አላጎደለም። ነጭ፣ ደረቅ ድንጋይ ገዛ። ለገንዳው ከሚያስፈልገው በላይ የሚያጣራ ስኪመር፣ ማለትም ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣ ማጣሪያ፣ ተከለ። ፎስፌት የሚመጠውን የብረት ኦክሳይድ ፍሬ ማጣሪያው ውስጥ አኖረ። ዓሦቹ ጥቂት ነበሩ፤ ምግባቸውም በሁለት ቀን አንዴ፣ ያውም በቁንጥር። በለካ ቁጥር ናይትሬት ዜሮ፣ ፎስፌት ዜሮ ይወጣለት ነበር፤ ውጤቱን ፎቶ እያነሣ ሲልክም ስንቱ ሰው «እንኳን ደስ አለህ» ብሎታል!

ወራት ሲያልፉ አክሮፖራው መገርጣት ጀመረ። በመጀመሪያ ጥልቅ የነበረው ሰማያዊ ቀለም ሳሳ፤ ይህንን ብዙ ሰው እንደ ውበት ይቆጥረዋል። ቀጥሎ ፖሊፕ የሚባሉት የኮራሉ ጥቃቅን አካላት ቀንም ሌሊትም መውጣት አቆሙ። ከዚያም ከየቅርንጫፉ ጫፍ ሥጋው እየተላጠ ነጩ አጽም ታየ። በዚያው ሰሞን አሸዋው ላይ ንፍጥ የመሰለ ቡናማ ነገር ተዘረጋ፤ ክር እየሠራ ወደ ላይ ይቆማል፣ በየክሩም ጫፍ የአየር አረፋ ተንጠልጥሏል። ማታ መብራት ሲጠፋ ይሳሳል፤ በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ እንደነበረው ሆኖ ይገኛል። አልጌ እንዲበሉ ያስገባቸው ቀንድ አውጣዎችም አንድ በአንድ አለቁ። ብዙዎቻችሁ ከወዲሁ አውቃችሁታል፤ ዳይኖፍላጀሌት የሚባል በዓይን የማይታይ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረት ክምችት ነው። ሌሎቹ አልጌዎችና ባክቴሪያዎች በረሃብ ሲመናመኑ ቦታው ይለቀቅለታል። አንዳንዱ ዝርያ መርዝ ስላለው የበላው ሊሞት ይችላል።

ወንድማችን ወደሚገዛበት ሱቅ ሄደ። «አልጌ ነው፤ ውኃህ ውስጥ የማይታይ ፎስፌት አለ» ብለው ፎስፌት ማስወገጃ ሸጡለት። ባሰበት። ተመልሶ ሄደ። ከፊተኛው የበረታ ማስወገጃ ሸጡለት፤ ውኃውንም ቶሎ ቶሎ እንዲቀይር ነገሩት። ይህኛው ጨርሶ አባባሰው። በሦስተኛው «ኮራል ማሳደግ ለጀማሪ አይሆንም» አሉት።

እኔ እዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም። ዜሮ ያሳየ ውኃ በእጁ ይዞ ለመጣ ሰው ፎስፌት ማስወገጃ መሸጥ ምን ዓይነት ምክር ነው? የተራበን እንዳይበላ ከልክሎ ገንዘብ መቀበል አይደለምን? ያ ሰው ልጆቹን ከመስታወቱ ፊት አስቀምጦ ስለ ቀይ ባሕር የሚያስተምር አባት ነው፤ ጥፋተኛው አንተ ነህ ብለው ሰደዱት። ጥፋተኛ አልነበረም! ደግሜ እላለሁ፣ ጥፋተኛ አልነበረም!

ገንዳው የዳነው በተቃራኒው መንገድ ነው። የብረት ኦክሳይዱ ወጣ። ዓሦቹ በቀን ሁለት ጊዜ መብላት ጀመሩ። ናይትሬትና ፎስፌት እየተለካ በትንሽ በትንሹ ተጨመረ። ልብ በሉ፣ ፎስፌቱ ዛሬ ተጨምሮ ነገ ሲለካ እንደገና ዜሮ ነበር፤ ደረቅ ድንጋይ እስኪጠግብ ድረስ ፎስፌትን ወደ ራሱ ይስባል። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። ሳምንታት ካለፉ በኋላ ቁጥሩ መቆም ሲጀምር ቡናማው ንፍጥ ተሸነፈ፤ ከአክሮፖራውም የተረፈችው ጉቶ ዛሬ ቅርንጫፍ አውጥታለች።

ይህ የእኔና የወንድማችን አስተያየት ብቻ አይደለም። በኮራል ሥጋ ውስጥ የሚኖሩት ጥቃቅን አልጌዎች በብርሃን ስኳር ሠርተው ለኮራሉ ይሰጡታል። እነርሱም በበኩላቸው ናይትሮጂንና ፎስፈረስ ይፈልጋሉ። በእንግሊዝ የሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲው ዮርግ ቪደንማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ ናይትሮጂን እያለው ፎስፌት ያጠረው ኮራል በሙቀትና በብርሃን ሲፈተን ቶሎ እንደሚነጣ አሳዩ። ፎስፌቱን ብቻ የምታሳድዱ ይህን አስቡበት። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ኮራል አልጌውን እንደ ማሳ እንደሚያለማው፣ ከሚባዛው አልጌ ላይ ከፊሉን እየፈጨም እንደሚመገበው አረጋገጡ። ማሳው የሚያፈራው ግን ናይትሮጂንና ፎስፈረስ በውኃው ውስጥ ሲገኙ ነው።

«ታዲያ የባሕሩ ውኃስ ባዶ አይደለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው የቆየ ነው፤ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1842 ስለ ኮራል ደሴቶች ከጻፈ ጀምሮ በእንዲህ ያለ ድሃ ውኃ ይህ ሁሉ ሕይወት እንዴት እንደሚኖር ሲጠየቅ ኖሯል። አዎን፣ የባሕሩን ውኃ ብትለኩት ከዜሮ ብዙም አይርቅም። ነገር ግን ያ ውኃ አይቆምም። ማዕበሉ ሌት ተቀን ፕላንክተን ያመጣል፤ በሺህ የሚቆጠር ዓሣ ከኮራሉ በላይ እየዋኘ ኩሱን ይጥልለታል። ሳሎናችን ውስጥ ባለው የመስታወት ሣጥን ይህ ሁሉ የለም። የባሕሩን ቁጥር ወስደን የባሕሩን ማዕድ ከለከልናቸው።

እኔ የምመክረው ናይትሬት በሊትር ከ5 እስከ 10 ሚሊግራም፣ ፎስፌት ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊግራም ነው። ፎስፈረስን በቢሊዮን ክፍል የሚያነብ መሣሪያ ያላችሁ ፎስፌቱን በሊትር ሚሊግራም ለማግኘት ቁጥሩን በ3.066 አባዝታችሁ ለ1000 ማካፈል አትርሱ፤ ብዙ የተሳሳተ ወሬ የሚመጣው ከዚህ ነው። ናይትሮጂን ለፎስፈረስ 16 ለ 1 የሚለውን የሬድፊልድ ምጣኔ የምታሳድዱም ተዉት፤ እርሱ የውቅያኖስ ፕላንክተን የአቶም ምጣኔ ነው፣ ለገንዳ የታዘዘ መድኃኒት አይደለም።

ወደ ተሰጠኝ ርዕስ ልመለስ። ጨው ከሺህ 35፣ ሙቀት 25 ወይም 26 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ካልሲየም በሊትር 420 ሚሊግራም አካባቢ፣ ማግኒዚየም 1300 ሚሊግራም። አልካሊኒቲ፣ ማለትም ውኃው አሲድን የመቋቋም አቅሙ፣ በጀርመን ዲግሪ (dKH) 8 ላይ ይበቃል፤ ምግቡ ባነሰ ውኃ ውስጥ 11 ስታደርሱት የአክሮፖራው ጫፍ ይቃጠላል። የምትጨምሩት ውኃ ግን ከቧንቧ አይቀዳ፤ በሚገባ የተጣራ ይሁን። ዜሮን የምቀበለው እዚያ ብቻ ነው።

አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ለሰብሳቢያችንም በይፋ አቀርባለሁ። ከዛሬ ጀምሮ በመለዋወጫ ቀናችን ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ማንኛውም የኮራል ቁራጭ፣ የመጣበት ገንዳ ናይትሬት፣ ፎስፌትና አልካሊኒቲ የተጻፈበት ወረቀት ይኑረው። ተቀባዩ ምን ለምዶ የኖረ ኮራል እንደወሰደ ይወቅ። ወረቀት የሌለው አይለወጥ።

የመለኪያ ዕቃዎቹ ከኋላ፣ በመስኮቱ በኩል ናቸው። ውኃ ያመጣችሁ ከምሳ በፊት አስለኩ፤ ዜሮ የወጣባችሁ ደግሞ እኔን ሳታነጋግሩ እንዳትሄዱ።

አመሰግናለሁ።