«ይቻላቸዋል»

የአባዶ ጎረቤቶቼ፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እንኳን ለአድዋ በዓል አደረሳችሁ!

የአድዋ ግጥም ጻፍልን ስትሉኝ ጋሻና ጎራዴ ጠብቃችሁ ይሆናል። እኔ ግን ሰሞኑን ስታገል የከረምኩት ከአንድ ቃል ጋር ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ውጫሌ ላይ ውል ተፈረመ። የአማርኛው አንቀጽ 17 ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር በጣሊያን መንግሥት አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። ከፈለጉ ማለት ነው። የጣሊያንኛው ግን ግዴታ አደረገው፤ ሮምም እሱን ይዛ ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት ብላ ለአውሮፓ አሳወቀች። አስቡት እስቲ፣ የአገር ነፃነት በአንድ ግሥ ላይ ተንጠልጥሎ! ነገሩ በደብዳቤ አልፈታ አለ። እቴጌ ጣይቱ ከነጦራቸው፣ ራስ አሉላ ከትግራይ፣ ራስ መኮንን ከሐረር፣ የኦሮሞ ፈረሰኛው፣ አማርኛ የሚያውቀውም የማያውቀውም ተነስቶ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. መልሱን ሰጠ። ስለ እኔ ሌላ አይናገርልኝ አለ።

ገጣሚ ነኝና ቃል ቶሎ አይለቀኝም። አምና እናቴ መታወቂያዋን ልታሳድስ ሄደች። የት እንደሆነ ይቅር። ጎህ ሳይቀድ ከዚህ ወጥታ፣ ሁለት ታክሲ ይዛ፣ ግማሽ ቀን ተሰልፋ፣ ተራዋ ሲደርስ የልጅ ልጇ የሚሆን ጎረምሳ «አንቺ፣ ሲስተም የለም፣ ነገ ነይ» አላት። ሰባ ዓመቷ ነው። ማታ ስትነግረኝ ሰልፉንም ሲስተሙንም ትታዋለች። «አንቺ አለኝ እኮ» ብቻ ነው ያለችኝ። ያቺ ቃል እስከ ዛሬ ታንገበግበኛለች።

እና ተስፋዬን ልንገራችሁ። እኛን እዚህ ያገናኘን የኮንዶሚኒየም ዕጣ ነው፤ በአንድ ደረጃ ላይ ኦሮምኛውም ጉራግኛውም ትግርኛውም ይሰማል። ከየት ነህ ሳይባል ሰው የሚከበርበት አገር እመኛለሁ። እናቴ መስኮቱ ጋ ቆማ «እርስዎ» የምትባልበት። ልጆቻችን ያሰቡትን ጽፈው በሰላም የሚያድሩበት። ውጫሌ ላይ «ይቻላቸዋል» የተባለው ለንጉሠ ነገሥቱ ነበር፤ እኔ የምጽፈው ለእናቴም፣ ለጥበቃውም፣ ለሊስትሮውም እንዲባል ነው።

ግጥሙ አጭር ነው። መጀመሪያ ግን፣ ከኋላ የቆማችሁ እናቶች ወደ ፊት ኑልኝ። ወጣቶች፣ ወንበር ልቀቁላቸው። እነሱ ሲቀመጡ አነባለሁ።