1.8 ቮልት ሲጣራ 3.3 ቮልት ይሰማዋል?

የተከበራችሁ መምህራን፣ ተማሪዎች፣ እንዲሁም ሱቃችሁን ዘግታችሁ ከደሴ ፒያሳ ቁልቁለቱን የወረዳችሁ የጥገና ባለሙያዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ! የኮምቦልቻ ፀሐይ ሳትበረታብን ልጨርስ እሞክራለሁ።

ከፕሮሰሰር የሚወጣውን የምስል ሲግናል ስክሪኑ ወደሚቀበለው፣ በጥንድ ሽቦዎች ወደሚሄደው የኤልቪዲኤስ ሲግናል የሚቀይር ቺፕ ስንገዛ ምን እናያለን? ዋጋውን፣ የቢቱን ብዛት፣ ከዚያ በአምራቹ መግለጫ፣ በዳታ ሺቱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ «3.3 ቮልት» የሚል ካገኘን በቃን። እኔም እንደዚያው ነበርኩ።

ደሴ ላይ አንድ ቦርድ ሠራሁ። ፕሮሰሰሩ የሚናገረው በ1.8 ቮልት፣ ቀያሪው ቺፕ የሚሠራው በ3.3። በዚያ ብርድ ምስሉ ኩልል ብሎ ታየ፤ ደስ ብሎኝ ለባለቤቱ አስረከብኩ። ኮምቦልቻ ወርዶ ቀኑ ሲሞቅ ግን ስክሪኑ ላይ ነጥቦች ብልጭ ድርግም ይሉ ጀመር። ሶፍትዌሩን ረገምኩ፣ ገመዱን ሁለት ጊዜ ቀየርኩ። ጥፋቱ የራሴ ነበር።

ያ ቺፕ «1» ብሎ ለመቀበል ዋስትና የሚሰጠው ከ2.0 ቮልት ጀምሮ ነው፤ «0» ለማለት ደግሞ ከ0.8 በታች። በመካከሉ ያለው ባለቤት የለውም። እውነተኛው መቁረጫ ብዙ ጊዜ 1.5 አካባቢ ስለሚያርፍ፣ 1.8 ቮልት ጠረጴዛ ላይ ሹልክ ብሎ ያልፋል። ጦሳ ተራራ ላይ ቆሞ የሚጣራ ሰው ነፋስ በሌለበት ቀን ከታች ይሰማ ይሆናል፤ ነፋስ ሲነሳ ግን ማን ይሰማዋል? ሙቀቱና የግራውንዱ ረብሻ ያቺን የ0.3 ቮልት ትርፍ ይበሏታል።

የተገላቢጦሹ ይብሳል። 3.3 ቮልት 1.8 ብቻ ወደሚችል እግር ሲገባ መከላከያ ዳዮዱ ይከፈትና ቺፑ ይግላል። ፓወሩ ጠፍቶ እንኳ በሲግናል እግሮቹ በኩል ኤሌክትሪክ ይሰርቃል። ስንቱን ቺፕ «የውሸት ነው» ብለን ጥለን ይሆን!

መፍትሔው? ለግብዓቱ የተለየ የፓወር እግር ያለው ቺፕ ምረጡ። ኤስኤን75ኤልቪዲኤስ83ቢ ለምሳሌ ከ1.8 እስከ 3.3 ቮልት ያለውን ሲግናል በቀጥታ ይቀበላል። የውጤቱ በኩል ብዙም አያስጨንቅ፤ ኤልቪዲኤስ በ1.2 ቮልት ዙሪያ 350 ሚሊቮልት ያህል ነው የሚወዛወዘው።

ቺፑ አስቀድሞ ከተገዛ ሁለት ፓወር የሚወስድ፣ ሌቭል ሺፍተር የሚባል ፈጣን የቮልቴጅ አስማሚ መሃል ላይ ይግባ። ያቺ ሁላችንም የምንወዳት ርካሽ ትራንዚስተርና ባለ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ግን አይስኩዌርሲን ለመሰለ ዘገምተኛ መስመር እንጂ ለፒክስል ክሎክ፣ ምስሉን ነጥብ በነጥብ ለሚያስኬደው ፈጣን ምት፣ አትሆንም። እናስላው፦ 10 ኪሎ ኦም፣ መስመሩ ላይ ባለው የ10 ፒኮፋራድ ያህል ካፓሲታንስ ሲባዛ 100 ናኖ ሰከንድ ነው። የ1024 በ600 ስክሪን ክሎክ ደግሞ በ20 ናኖ ሰከንድ ገደማ አንድ ዙር ይጨርሳል። ሲግናሉ ገና ዳገቱን ሳይወጣ ተራው ያልፋል።

ያ ቦርዴ እዚህ ጠረጴዛ ላይ አለ። ኦሲሎስኮፑን አብሩልኝና የክሎኩን እግር አብረን እንለካ። አመሰግናለሁ።