«ለየትኛው ትምህርት ነው?» የመምህራን ጥያቄና የባለሙያው መልስ

በሬዲዮ ዝግጅታችን የትምህርት ቴክኖሎጂ ባለሙያው የመለሷቸው ጥያቄዎች።

ትምህርት ቤታችን ስማርት ቦርድ (በንክኪ የሚሠራ ኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ) ሊገዛ ነው። ይጠቅማል?

ለየትኛው ትምህርት ነው? መልስ ከሌላችሁ አትግዙ። ፕላዝማን፣ ያንን በክፍል ውስጥ ቴሌቪዥን የሚሰጥ ትምህርት፣ አስታውሱ። በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ትምህርቱ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ ይመጣል። ተማሪው ባይገባው «ቆይ፣ አንዴ ድገምልኝ» የሚለው ሰው የለም። መምህሩ ጥግ ይዞ አብሮ ያያል። መብራት ከሄደ ትምህርቱም ሄደ። ስለዚህ ብትገዙም ጠመኔውን አትጣሉ።

ተማሪ ክፍል ውስጥ ስልክ ይያዝ?

ለየትኛው ትምህርት? ከሌለ ቦርሳ ውስጥ ይቀመጥ።

የቤት ሥራ በቻትጂፒቲ (ሲጠይቁት ጽሑፍ በሚጽፈው ሰው ሠራሽ አስተውሎት) መሠራቱን የሚለይ ፕሮግራም ይጠቁሙኝ።

አልጠቁምም። ቻትጂፒቲን የሠራው ኦፕንኤአይ ራሱ መለያ ፕሮግራም አውጥቶ ነበር፤ በደንብ ስላልለየለት እ.ኤ.አ. በ2023 አነሳው። እንዲህ ባለ ነገር ልጅ «ኮርጀሃል» አይባልም። ይጥሩትና «ይቺን አንቀጽ አስረዳኝ» ይበሉት። ከሠራው ያስረዳል።

የክፍል ኃላፊ ነኝ። ውጤት በወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ እለጥፋለሁ፤ ወላጆች ወደውታል። አስተያየት ለመጻፍም ዝርዝሩን ቻትጂፒቲ ላይ አስገባለሁ። ችግር አለው?

አለው እንጂ! ይሄ ጥያቄ በየሳምንቱ ይመጣል፣ በየሳምንቱ እቆጣለሁ። የወደዱት ልጃቸው አንደኛ የወጣላቸው ናቸው፣ መምህር። ከ40ኛ በታች ያለው ልጅ እናት ዝም ብላ ስልኳን ትዘጋለች። ልጁ ማታ ይገረፋል፣ ጠዋት ይሳቅበታል። አንዱ ስክሪንሾት አንስቶ ሌላ ግሩፕ ላይ ከጣለው ደግሞ እርስዎ ቢያጠፉትም አይጠፋም። ግሩፑን እስቲ ይክፈቱት፤ አምና ልጃቸውን ያስወጡ ወላጆች ዛሬም እዚያው ናቸው። የሕግም ጉዳይ ነው፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ውጤት ለየወላጁ በኢንቦክስ ይላኩ፣ ወይም ካርዱን በእጅ ይስጡ።

ቻትጂፒቲውማ ይባስ። የሚያስገቡት ነገር፣ ይህን የሚፈቅደውን ሴቲንግ ካላጠፉት፣ ለሞዴሉ ማሠልጠኛ ሊውል ይችላል። ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ የጤና ችግር፣ ምንም አያስገቡ! «ተማሪ ሀ፣ ተማሪ ለ» ብለው ይጻፉ። የልጆችን ፎቶም እንደዚያው፤ ወላጅ ሳይፈቅድ ቲክቶክ ላይ የሚለቀቅ የክፍል ቪዲዮ ለየትኛው ትምህርት ነው?

አንድ ሰው ተማሪዬን «ፎቶሽን እለቅቃለሁ» እያለ ገንዘብ ይጠይቃታል። ምን ላድርግ?

ልጅቷ ገንዘብ አትክፈል። መልእክቱንም አታጥፉት፣ ማስረጃ ነው። ልጅቷን አይቆጧት። ለምታምነው የቤተሰብ ሰው ይነገርና ዛሬውኑ ፖሊስ ጋ ሂዱ። ይሄ የእኔ ሙያ አይደለም፤ እስከ ነገ መልሴን አትጠብቁ።