ጥያቄና መልስ፦ ኤአይ (ሰው ሰራሽ አስተውሎት) ስራ ሲቀማ የቱ አገር ይችለዋል?

ጥያቄ (ከጎፋ የደወለ አድማጭ)፦ አብዛኛው የኛ ሰው ገበሬ ነው፣ ኤአይ ሚነካው የቢሮ ስራ ነው ይባላል፣ እና እኛ ተረፍን ማለት ነው?

መልስ፦ መነሻህ ልክ ነው ወንድሜ። አይኤምኤፍ (የአለም የገንዘብ ድርጅት) በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት በሀብታም አገሮች 60 በመቶ የሚሆነውን ስራ ኤአይ ይነካዋል፣ በድሃ አገሮች ግን 26 በመቶ ነው፣ መነካት ማለት ደግሞ የግድ መባረር አይደለም። እኔን ሚያሳስበኝ ግን የተባረረው ሰው በማግስቱ ምን ይበላል ሚለው ነው። ዴንማርክ የስራ አጥ መድን የገባ ሰው እስከ 2 አመት ይከፈለዋል፣ እሱን እየበላ ሌላ ሙያ ይማራል። እኛ ጋ የተቀነሰ አካውንታንት ያው እናቱ ቤት ነው ሚመለሰው፣ እዛ ቤት ደግሞ የሱን ደሞዝ ሚጠብቁ ታናናሾች አሉ።

ጥያቄ (ከሀዋሳ)፦ ኮል ሴንተር (ለድርጅቶች የደንበኛ ስልክ ማንሳት) ለወጣቱ ስራ ይከፍታል ሲባል ነበር፣ አሁንም ያዋጣል?

መልስ፦ ፊሊፒንስን እዪ እህቴ። ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሰው ከዚህ ስራ ነው ሚበላው፣ ኒውዮርክ ሲነጋ ማኒላ ይመሻል ስለዚ ልጆቹ ሌሊቱን ሙሉ ስልክ ሲያነሱ ያድራሉ፣ ከሌሊቱ 8 ሰአት ላይ ከህንፃው ስር ሩዝና የተጠበሰ ዶሮ ምትሸጥላቸው ሴትዮ አለች፣ ቤት ሚያደርሳቸው ጂፕኒ ሚባል የነሱ ታክሲ አለ። ስልኩን ኤአይ ካነሳው የሴትዮዋም ገበያ አብሮ ነው ሚሄደው። ህንድም ፊሊፒንስም በዚህ ስራ ብዙ ሰው ከድህነት አውጥተዋል፣ እኛ ልንገባበት ስናስብ ነው መንገዱ እየጠበበ ያለው፣ ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። ናይሮቢ እኮ ቻትቦት (በፅሁፍ ሚያወራ ኤአይ) ሚማርበትን ፅሁፍ ሲያጣሩ የነበሩ ወጣቶች በሰአት ከ2 ዶላር በታች ነበር ሚከፈላቸው፣ ትርፉ ሌላ አገር ቀረ። ስለዚ ተራ ስልክ ማንሳት ላይ ብቻ አትመኩ፣ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሲዳምኛ ሚፈልግ፣ ሰው ለሰው ሚያገናኝ ስራ ላይ አተኩሩ።

ጥያቄ (ከቨርጂኒያ)፦ 54 አመቴ ነው፣ ኡበር ነው ምነዳው። ሹፌር አልባ መኪና መጣ ይላሉ፣ ልስጋ?

መልስ፦ ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ ስጋትዎ ተገቢ ነው። ፊኒክስ፣ ሳንፍራንሲስኮና ሎስአንጀለስ ላይ ዌይሞ ሚባል ኩባንያ ያለ ሹፌር ሰው እያመላለሰ ነው። አሜሪካ ሀብታም ብትሆንም አንኢምፕሎይመንት (የስራ አጥ ክፍያ) ባብዛኛው ስቴት ቢበዛ 26 ሳምንት ነው፣ ኡበር ነጂ ደግሞ እንደ ኮንትራክተር፣ ማለት ተቀጣሪ ሳይሆን በግሉ እንደሚሰራ ሰው፣ ስለሚቆጠር ባብዛኛው አያገኝም፣ በ2020 በኮቪድ ጊዜ ለናንተ የተከፈተው ክፍያ ጊዜያዊ ነበር፣ ተዘግቷል። የእርስዎ ገቢ ሲቀንስ አዲስ አበባ ያሉት ቤተሰቦችዎም ኪስ ነው ሚጎድለው። እባክዎ አሁን የ5 እና የ6 አመት ብድር ፈርመው አዲስ መኪና አይግዙ፣ ያንን ዳውንፔይመንት (ቅድመ ክፍያ) ለኤችቫክ (የቤት ማሞቂያና ማቀዝቀዣ ሙያ) ወይ ለኤሌክትሪክ ላይሰንስ ያውሉት፣ ኮሚኒቲ ኮሌጆች ማታ ማታ ያስተምራሉ።